ስለ ፖል ሊንድ ሲጻፍ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካዊው ኮሜዲያን ፖል ሊንድ (1926–1982፤ እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቃላቱን እየጎተተ በሚያሽሟጥጠው የአፍንጫ ድምፁና በሳቁ ይታወሳል። ይህ አነጋገሩ ጎልቶ ስለሚታይ፣ ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች ከሥሩ ያለውን ሙያ ሳያስተውሉ ያልፋሉ።

ትልቁ ስህተት «ሆሊውድ ስኩዌርስ» በተባለው የቴሌቪዥን ውድድር ላይ የተናገራቸውን ቀልዶች ሁሉ እዚያው እንደፈጠራቸው አድርጎ ማቅረብ ነው። በውድድሩ ዘጠኝ ታዋቂ ሰዎች ሦስት በሦስት በተደረደሩ ሳጥኖች ተቀምጠው ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፤ ተወዳዳሪው ደግሞ መልሳቸው እውነት ወይም ሐሰት መሆኑን ይለያል። በትክክል ከለየ ሳጥኑን ይይዛል፤ ሦስት ሳጥኖችን በአንድ መስመር የያዘ ያሸንፋል። ለድል ከሚያበቁት 8 መስመሮች 4ቱ በመካከለኛው ሳጥን ስለሚያልፉ፣ እዚያ የተቀመጠው ሊንድ ደጋግሞ ይጠራ ነበር። ከመልሱ አስቀድሞ የሚወረውራቸው ቀልዶች ግን አብዛኞቹ በጸሐፊዎች የተሰናዱ ነበሩ። ይህን መግለጽ ክብሩን አይቀንሰውም፤ ሌላ ሰው የጻፈውን ዓረፍተ ነገር ጥቂት ዝም ብሎ፣ ፊቱን አጨማዶ፣ ገና አሁን እንደመጣለት አስመስሎ መናገር ቀላል ችሎታ አይደለም። ደግሞም ራሱ ጸሐፊ ነበር፦ በ1952 በኒው ዮርኩ የብሮድዌይ ቲያትር መድረክ ያሳወቀውን፣ በአፍሪካ የሳፋሪ ጉዞ ተጎድቶ በፋሻ የተጠቀለለ ሰው መከራውን የሚተርክበትን መነባንብ የጻፈው እርሱ ነው።

«ቢዊችድ» በተባለው ተከታታይ ድራማ የአጎት አርተርን ገጸ ባሕርይ ዘወትር ይጫወት እንደነበር መጻፍም የተለመደ ነው። ከ254ቱ ክፍሎች አጎት አርተር ሆኖ የታየው በ10 ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በዚያው ድራማ የመኪና መንዳት አስተማሪ ሆኖ ቀርቧል።

በ1972 በስሙ የተሰየመው ድራማ ከ26 ክፍሎች በኋላ መቋረጡን የችሎታ ማነስ ምልክት አድርጎ መውሰድ አይገባም። በእኔ አመለካከት፣ ሚጥሚጣ ሥጋ ያጣፍጣል እንጂ ብቻውን አይበላም፤ ለአፍታ ብቅ ብሎ ለመጥፋት የተሠራን ቀልድ፣ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ጠበቃ አድርጎ ግማሽ ሰዓት ማቆም ባሕርዩን መቃረን ነበር።

ስለ ግል ሕይወቱም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀልዶቹ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነትን በገሃድ ይጠቁሙ እንጂ፣ እርሱ ጉዳዩን በይፋ አውጆ አያውቅም።

የመጨረሻው ስህተት ሥራዎቹን በፊልሞች ላይ ከሚጻፈው የተዋንያን ስም ዝርዝር ብቻ መልቀም ነው። በ1973 በወጣው «የሻርለት ድር» የካርቱን ፊልም የሆዳሙን አይጥ የቴምፕልተንን ድምፅ መስጠቱ ተመዝግቧል፤ በ1969 በተሠራው «የፔነሎፒ ፒትስቶፕ አደጋዎች» ግን ዋናውን ተንኮለኛ በድምፁ ሲጫወት ስሙ አልተጻፈም። ተመልካቹ ግን ያንን ድምፅ ለመለየት ስም አላስፈለገውም።