በሮማውያን የብር ሳንቲም ላይ ያለው አምላክ ማን እንደሆነ እንዴት ይለያል?

ወንጌል ላይ «ዲናር» የሚባለውን ታውቁታላችሁ አይደል? ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ገደማ መምታት የጀመሩት የብር ሳንቲም ነው። ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ አብዛኛው ከ3 እስከ 4 ግራም ይመዝናል። ላዩ ላይ ያሉት አማልክት ግን በያዙት ዕቃ ይታወቃሉ።

እጃችሁ ከገባ፣ እባካችሁ አታጽዱት! በሎሚ ወይም በብሩሽ ከፈተጋችሁት 1,900 ዓመት የቆየ የልብስ እጥፋት በአንድ ደቂቃ ይጠፋል። ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ መብራቱን ከጎን አብሩበት፤ ያኔ የተፋቀው ምስል ጥላ ይጥልና ብቅ ይላል።

ቀጥሎ ዘመኑን ለዩ። የንጉሠ ነገሥት ፊት ካለበት አምላኩ ያለው በጀርባው ነው፣ ገልብጡት። ንጉሠ ነገሥታቱ ከመምጣታቸው በፊት የተመታ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት ያለው ራስ ራሱ የአምላክ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ላይ ክንፍ ያለው የራስ ቁር የደፋችው ሮማ ናት፣ የከተማዋ አምላክ፣ ከማጅራቷ ኋላ ያለው የኤክስ ምልክት ደግሞ 10 ማለት ነው፣ ሳንቲሙ 10 የነሐስ ሳንቲም ያወጣ ነበርና።

አሁን ፊቱን ተዉትና እጁን እዩ። መብረቅ የጨበጠው ጢማም ጁፒተር ነው። ክንፍ ኖሯት የቅጠል አክሊልና ዘንባባ የያዘችው ቪክቶሪያ ናት፣ የድል አምላክ። የራስ ቁር፣ ጦርና ጋሻ ያላት ሚነርቫ፣ ንጉሠ ነገሥት ዶሚሽያን አብዝቶ ይወዳት ስለነበር በሱ ዲናሮች ላይ ደጋግማ ትመጣለች። ጣዎስ አጠገቧ ካለ ጁኖ። እባብ የምትመግበው ሳሉስ፣ የጤና አምላክ።

ሰው የሚሳሳተው በዕድል አምላክ ፎርቱናና በፍትሐዊነት አምላክ ኤኩዊታስ ላይ ነው። ሁለቱም ፍራፍሬ የሞላ ቀንድ ታቅፈዋል። ሌላኛውን እጅ እዩ። ወደ ታች የወረደ የመርከብ መሪ (አቅጣጫ ማዞሪያ እንጨት) ከያዘች ፎርቱና ናት፣ ክንዷን ዘርግታ ሚዛን ካንጠለጠለች ኤኩዊታስ። ሳንቲሙ በጣም ካለቀ ሚዛኑ ሁለት ነጥብ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ እነሱን ፈልጉ።

የሳንቲም መምቻው አምላክ ሞኔታም ግን ሚዛንና ቀንድ ትይዛለች! እዚህ ጋ የሚያድናችሁ ጽሑፉ ነው። ብዙ ጊዜ ከታች በግራ ጀምሮ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይዞራል፣ ዩ የሚለውንም በቪ ፊደል ነው የሚጽፉት። ሞኔታ የሚል ካገኛችሁ እሷ ናት፤ ሮም ውስጥ ለረጅም ዘመን ሳንቲም ይመታ የነበረው በጁኖ ሞኔታ ቤተ መቅደስ አጠገብ ነው፣ እንግሊዝኛው «መኒ» የሚለውም ከሷ ስም የመጣ ነው።