ለሳኩራ ብቻ አትሂዱ፦ የጃፓን የአትክልት ስፍራ ሲጎበኝ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጃፓን ልሄድ ነው የሚለኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ሳኩራው መቼ ነው የሚያብበው?» የቼሪ አበባ ማየት የማይፈልግ ማን አለ? ግን ባህላዊዎቹን የአትክልት ስፍራዎች አያለሁ ላለ ሰው ስህተቱ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። አንዳንዶቹን ስህተቶች እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ሳኩራን ብቻ መጠበቅ

በቶኪዮና በኪዮቶ ሳኩራ የሚፈካው ብዙውን ጊዜ በኛ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። አምሮ የሚቆየው ሳምንት ቢሆን ነው። ዝናብ ከነፋስ ጋር ከመጣ ከዚያም ያጥራል። ለዚያች ሳምንት ተብሎ የዓመት ፈቃድ ወስዶ፣ ከሰው እየተጋፉ አበባ ማየት ያደክማል።

አትክልተኞቹም የለፉት ለአንድ ሳምንት አይደለም። ሚቶ ከተማ የሚገኘው ካይራኩኤን የተባለው የአትክልት ስፍራ በፈረንጆች 1842 ነው የተከፈተው። የሚታወቀውም ኡሜ በሚባል የፕለም ዘመድ በሆነ ዛፍ ነው። ኡሜ ሳኩራን ቀድሞ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ በየካቲት ያብባል። እዚያ 3,000 ያህል ዛፍ አለ። ሳኩራ እምብዛም አይሸትም፤ ኡሜ ግን መዓዛው ቀድሞ ይቀበላችኋል።

ብርዱን መፍራት

እዚህ ላይ ቃሉ ራሱ ያሳስተናል። እኛ ክረምት ስንል የሚታየን ዝናብና ጭቃ ነው። የጃፓን ክረምት ግን የሚመጣው አገር ቤት ገናና ጥምቀት በሚከበርበት ሰሞን ነው። ብዙ ሰው «ያኔ ደግሞ ምን ይታያል?» ብሎ ይተወዋል።

አንድ ጊዜ ብቻ የመሄድ ዕድል ካላችሁ፣ በበረዶ ጊዜ ካናዛዋ ከተማ ሂዱ ነው የምለው። ከጃፓን ሦስቱ ታላላቅ የአትክልት ስፍራዎች አንዱ የሆነው ኬንሮኩኤን እዚያ ነው። የካናዛዋ በረዶ እርጥብና ከባድ ስለሆነ የጥድ ቅርንጫፍ ይሰብራል። ለዚህ ሲሉ አትክልተኞቹ በየዓመቱ ኖቬምበር 1፣ በኛ ጥቅምት 22 አካባቢ፣ ዩኪዙሪ የሚሉትን ሥራ ይጀምራሉ። ከዛፉ በላይ የሚዘልቅ ምሰሶ ያቆማሉ። ከምሰሶው ጫፍ ከሩዝ ጭድ የተገመደ ገመድ ወደ ታች እየለቀቁ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ያንጠለጥላሉ። ካራሳኪ የሚባለው አንጋፋ ጥድ ብቻውን ወደ 800 ገመድ ይፈልጋል። ከሩቅ ስታዩት ሣር ያልለበሰ የጎጆ ጣሪያ ይመስላል። ገመዱ የሚፈታው መጋቢት ሲገባ ነው። ለዛፍ እንዲህ ሲጠነቀቁ ማየት ለእኔ ከየትኛውም አበባ ይበልጣል።

ዝናብ ሲመጣ ሆቴል መቀመጥ

ኪዮቶም እንደኛው ሰኔ ግም ሲል ዝናብ ነው። ጎብኚው ጃንጥላውን እያየ ያዝናል። ግን ድንጋይና እርጥብ መሬት ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅለው፣ እነሱ ኮኬ የሚሉት ለስላሳ አረንጓዴ ነገር የሚያምረው ያኔ ነው። ሳይሆ-ጂ በተባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ 120 ያህል ዓይነት ኮኬ አለ። መጀመሪያ ማንም አላቀደውም። ቦታው ተንከባካቢ አጥቶ በኖረበት ዘመን በራሱ ጊዜ የበቀለ ነው። ዝናብ ሲነካው አረንጓዴው ከውስጥ የሚበራ ይመስላል።

ታዲያ ሳይሆ-ጂ በር ላይ ደርሶ «አስገቡኝ» ማለት የለም። በፈረንጆች ከ1977 ጀምሮ የሚገባው ቀድሞ ያስመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ኮኬ ላይ መርገጥም የትም ቦታ ነውር ነው። አንድ የጫማ ዱካ ለመዳን ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል።

ፎቶ አንስቶ መሮጥ

ሪዮአን-ጂ የተባለው የኪዮቶ ቤተ መቅደስ የሚታወቅበት የድንጋይ ስፍራ ነጭ ጠጠርና 15 ድንጋይ ነው። እዚያ ስፍራ ላይ ኩሬ የለ፣ አበባ የለ። ሰዉ ይገባል፣ ስልኩን ያወጣል፣ ድንጋዮቹን ይቆጥራል፣ 14 ሲሆንበት ግራ ይገባዋል። የተቀመጡት በረንዳው ላይ የትም ብትሆኑ ቢያንስ አንዱ እንዲደበቅባችሁ ሆነው ነው። ቦታ ስትቀይሩ የተደበቀው ብቅ ይላል፣ ሌላው ይጠፋል። ይህን ለማየት መቀመጥ ያስፈልጋል። ሃያ ደቂቃ ስጡት። ጠጠሩ ላይ የተሰመሩት መስመሮች ድንጋዮቹን እንዴት እንደሚዞሩ ማየት የምትጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው።

በኅዳር፣ ሞሚጂ የሚሉት የሜፕል ቅጠል ሲቀላ፣ ይህ ስህተት ይብሳል። የኪዮቶው ቤተ መቅደስ ቶፉኩ-ጂ ቅጠሉ በሚያምርበት ሰሞን ድልድዩ ላይ ፎቶ ማንሳት እስከ መከልከል ደርሷል፤ ሰዉ ቆሞ መተላለፊያ ስለሚያጠፋ ነው። በሩ ሲከፈት ጠዋት ድረሱ።

የጫማ ነገር ደግሞ አለ። በረንዳና አዳራሽ ላይ ጫማ ይወልቃል። በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ አድርጉ፣ ንጹሕና ወፍራም ካልሲም ያዙ። በብርድ ጊዜ ወለሉ አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

መንገዱ የሚላችሁን አለመስማት

ይህን በራሴ ስህተት ነው የተማርኩት። የመርገጫ ድንጋዮቹ እኩል አይደሉም። አንዱ ጠባብ፣ ሌላው ዘመም ያለ ነው። ሆን ተብሎ ነው፤ እግራችሁን እያያችሁ ቀስ እንድትሉ። ጥቂት እንደሄዳችሁ ሰፊና ጠፍጣፋ ድንጋይ ይመጣል። እሱ መቆሚያ ነው። እዚያ ላይ ቀና ስትሉ፣ እስካሁን በዛፍ ተከልሎ የነበረው ኩሬ በአንድ ጊዜ ፊታችሁ ይዘረጋል። ቸኩሎ የሚሮጥ ሰው ይህን አያገኝም።

ሌላም ድንጋይ አለ። አንድ ቀን መንገድ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ፣ ጡጫ የሚያክል ክብ ድንጋይ በጥቁር ገመድ መስቀለኛ ታስሮ ተቀምጧል። ጌጥ መሰለኝና ተሻግሬው አለፍኩ። አንድ አረጋዊ አትክልተኛ መጥረጊያቸውን ትተው ወደ እኔ መጡ። ምንም አልተቆጡም። ወደ ድንጋዩ አመለከቱ፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ፣ በሌላኛው መንገድ መሩኝ። ሰኪሞሪ ኢሺ ይባላል፤ «ከዚህ አትለፍ» ማለት ነው። አጥር የለ፣ ጽሑፍ የለ። አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። ድንጋዩ ተነስቷል፣ መንገዱም ተከፍቷል። ትናንት ኮኬው ላይ ተበትኖ የነበረው ቅጠል አንድ በአንድ ተለቅሟል።