በቱፓያ ጂኖም ስትሠሩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ቱፓያ በደቡብ ቻይናና በደቡብ ምሥራቅ እስያ የምትኖር፣ አይጥ የምታህል አጥቢ እንስሳ ናት። አይጥ ግን አይደለችም። ሄፓታይተስ ቢን፣ ድባቴን፣ ሩቅ አጥርቶ ያለማየትን ለማጥናት ትፈለጋለች። በ2013 በኩንሚንግ የእንስሳት ጥናት ተቋም የተመራ ቡድን ሙሉ ጂኖሟን (የዘር መረጃዋን በሙሉ) ሲያሳትም፣ ከአይጥ ይልቅ ሰውና ዝንጀሮዎች ላሉበት ቡድን፣ ለፕራይሜቶች፣ እንደምትቀርብ ታየ። ከዚያ ወዲህ ዳታውን የሚከፍቱ ወጣቶች በዝተዋል፤ ደስ ይላል። ስህተቶቹ ግን ያው ናቸው።

«ለሰው ትቀርባለች፣ ስለዚህ ለሰው በሽታ ጥናት ትሆናለች» ብሎ መጀመር። ዝምድና ብቻውን አይበቃም። ማየት ያለባችሁ በሽታው የሚነካውን ጂን ነው። በ2012 ቤጂንግ ውስጥ የሊ ወንሁዪ ቡድን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ወደ ጉበት ሴል የሚገባበትን በር ያገኘው በቱፓያ የጉበት ሴሎች ተጠቅሞ ነው። በሩ ኤን ቲ ሲ ፒ የሚባል ፕሮቲን ነው። ረጅም ጅራት ያለው ማካክ ዝንጀሮ ከቱፓያ በጣም ይልቅ ለሰው የቀረበ ነው፤ የእሱ ኤን ቲ ሲ ፒ ግን ቫይረሱን አያስገባም። ቁልፉ ያለው ከ157ኛው እስከ 165ኛው ባሉት አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲኑ መገንቢያዎች) ላይ ነው። የማካኩ እነዚያ በሰው ኤን ቲ ሲ ፒ አሚኖ አሲዶች ሲተኩ ቫይረሱ ይገባል። ዘጠኝ ቦታ ብቻ! ከ3 ቢሊዮን ገደማ የጂኖም ፊደላት መካከል የእናንተን ጥያቄ የሚወስነው ይህን ያህል ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ጂኑ ስላልተገኘ «ጠፍቷል» ብሎ መጻፍ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! ብላስት (ተመሳሳይ የጂን ቅደም ተከተል የሚፈልግ ፕሮግራም) ላይ ፈለግሁ፣ የለም፣ ስለዚህ ቱፓያ ይህ ጂን የላትም፤ አንዳንዱ ከዚህ ተነስቶ ስለ ሰው በሽታ ድምዳሜ ይሰጣል። የ2013ቱ ጂኖም የተነበበው በአጫጭር ሪዶች፣ ማለትም ማሽኑ በአንዴ በሚያነባቸው የዲ ኤን ኤ ቁርጥራጮች ነው። ጂ እና ሲ የተባሉት የዲ ኤን ኤ ፊደላት የሚበዙበት አካባቢ በእነዚህ ሪዶች በደንብ አይሸፈንም። የብዙ ጂኖች መጀመሪያ ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። አንዲት ጎበዝ ተማሪ አንድ የበሽታ መከላከያ ጂን ጠፍቷል የሚል ረቂቅ ይዛ መጣች። ጽሑፉ ያምራል፣ ሥዕሎቹም ያምራሉ። ጥሬ ሪዶቹን አብረን ከፈትን። የጂኑ ቁርጥራጮች እዚያው አሉ፤ አሴምብሊው (ከሪዶቹ ተገጣጥሞ የተሠራው ጂኖም) ላይ ግን በቦታው ተደርድሮ የቆየው የኤን ፊደል ነው፤ ማለትም ያልተነበበ ክፍተት። ወራት የፈጀ ሥራ በአንድ ከሰዓት ፈረሰ። በጣም አዘንኩላት።

በእርግጥ የሚጠፋ ጂን አለ። ቱፓያ ሪግ-አይ የሚባለውን የቫይረስ ጠቋሚ ጂን አጥታለች፤ በ2016 ታትሟል። ያ ሥራ ግን «አላገኘሁትም» ላይ አልቆመም። ኤም ዲ ኤ 5 የተባለው ዘመዱ ሥራውን እንደተረከበ በሴል ውስጥ አሳየ። ስለዚህ ቢያንስ ጥሬ ሪዶቹን እዩ። ጂኑ ሥራ ላይ መሆኑን የሚያሳየውን የአር ኤን ኤ ዳታ ፈትሹ። ጎረቤት ጂኖቹ በቦታቸው መኖራቸውን አረጋግጡ። ከዚያ በፒ ሲ አር (የተፈለገውን የዲ ኤን ኤ ክፍል በሚያባዛ ዘዴ) ሞክሩ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ «ጠፍቷል» በሉ፤ ያኔ እኔም አብሬያችሁ እቆማለሁ።

የድሮ አሴምብሊ መጠቀም። ከ2013ቱ በፊት የወጣ፣ በጣም ሳሳ ያለ ንባብ ያለው ስሪት አሁንም አንዳንድ ዳታቤዝ ላይ ተቀምጧል። በ2019 በረጃጅም ሪዶች የተሠራ፣ እስከ ክሮሞዞም ደረጃ የደረሰ ስሪት ታትሟል። እሱን ውሰዱ። የሁለት ስሪቶችን አድራሻም (ጂኑ ጂኖሙ ላይ ያለበትን የቦታ ቁጥር) አትደባልቁ።

ከሰው የተቀዳ የጂን ስም ማመን፦ ስሙ አንድ ነው ማለት ሥራው አንድ ነው ማለት አይደለም።

ቱፓያን «ፕራይሜት» ብሎ መጥራት፦ የራሷ ክፍለ መደብ አላት፣ ስካንደንሺያ። የዘር ሐረጓም ላይ ክርክሩ አልተዘጋም፤ የመረጣችሁት የዘር ሐረግ የንጽጽር ውጤታችሁን ይለውጠዋል።

እንስሳዋ ከየት እንደመጣች አለመጻፍ፦ ቱፓያ እንደ ላብራቶሪ አይጥ ለዘመናት በዘመዳሞች መካከል የተዳቀለች አይደለችም። ከጫካ ተይዛ የመጣችና በቅጥር ግቢ ለትውልዶች የተራባች በጂን ይለያያሉ። ዝርያዋን፣ ንዑስ ዝርያዋን፣ የመጣችበትን አካባቢ፣ ጾታዋን መዝግቡ። እነዚህ ሳይጻፉ ከቀሩ ሌላ ላብራቶሪ ሙከራችሁን ሲደግም ልዩነቱ ከበሽታው ይሁን ከእንስሳዋ መለየት አይችልም።