የፊት መስታወት ሲሰነጠቅ፦ ኢንሹራንስ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ

ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት በቪትዜ በመሃላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ባለፈው ኅዳር አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ተከትዬ ዳገቱን ስወጣ፣ ጠጠር ተስፈንጥሮ የፊት መስታወቱን ጧ አደረገው። ቆሜ ሳየው የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ ናት። ተውኳት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የደሴ ብርድ መስታወቱን ጉም አልብሶት ስለነበር ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ገና ከግቢ ሳልወጣ ነጥቧ ተሰንጥቃ መሃል ድረስ ሄደች።

ሙሉ ኢንሹራንስ ስላለኝ ብዙም አልደነገጥኩም። ቢሮው ስደርስ ግን ወጪው ሁሉ የእኔው መሆኑ ተነገረኝ። ምክንያቱ ኤክሰስ ይባላል። ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ስፈርም ማንም አላስረዳኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ምን ዓይነት ኢንሹራንስ እንዳላችሁ ለዩ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ባለመኪና ሁሉ እንዲገባ የሚገደድበት የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ መኪናችሁ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው። ለራሳችሁ መስታወት አምስት ሳንቲም አይከፍልም። የራሳችሁን መኪና የሚሸፍነው በፈቃዳችሁ የምትገዙት ሙሉ ሽፋን ነው።

ኤክሰስ ደግሞ በእያንዳንዱ ጉዳት ላይ ከኪሳችሁ የምትችሉት ድርሻ ነው። ብዙ ጊዜ "ከጉዳቱ ይህን ያህል በመቶ፣ ሆኖም ከዚህ ብር የማያንስ" ተብሎ ይጻፋል። ሰው በመቶውን ያነብና የኋላውን ይዘለዋል። የሚጎዳው ግን የኋላው ነው።

ለምሳሌ ውላችሁ 10 በመቶ፣ ከ5,000 ብር የማያንስ ይላል እንበል። መስታወቱ ከነመግጠሚያው 18,000 ብር ቢጠይቅ፣ 10 በመቶው 1,800 ነው። ግን ከ5,000 ስለማያንስ እናንተ 5,000 ትከፍላላችሁ፣ ኢንሹራንሱ 13,000። ይህ ያዋጣል። መስታወቱ 6,000 ብር ቢሆንስ? የምታገኙት 1,000 ብር ብቻ ነው። ለዚያች ብላችሁ ካሳ ስትጠይቁ፣ ዓመቱን ያለ ጉዳት በመጨረሳችሁ በሚቀጥለው አረቦን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ በምትከፍሉት ክፍያ ላይ የምታገኙት ቅናሽ ሊቀር ይችላል። አረቦናችሁ 20,000፣ ቅናሹ 15 በመቶ ቢሆን 3,000 ብር አጥታችሁ 1,000 ተቀበላችሁ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ከኪስ ከፍሎ መገላገል ይሻላል።

ሌላም አለ፤ የመኪና ዋጋ በናረበት በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ይህኛው ይመስለኛል። በገበያ 1,200,000 ብር የምታወጣ መኪና ውሉ ላይ በድሮው ዋጋ 600,000 ተብላ ከተመዘገበች፣ ዋስትና የገባችሁላት ለግማሿ ነው። ካሳውም በዚያው ልክ በግማሽ ሊሰላ ይችላል፤ ኤክሰሱ ደግሞ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ውል ስታድሱ ዋጋዋን አስተካክሉ። አረቦኑ ትንሽ ይጨምራል፣ ይጨምር።

ከመፈረማችሁ በፊት ስለ መስታወት ለብቻው ጠይቁ። የራሱ ኤክሰስ አለው ወይ? እስከ ስንት ብር ይሸፈናል? መስታወት ብቻ ቢጠየቅ ቅናሹ ይቀራል ወይ? በግርግር መሃል ድንጋይ ቢወረወርበትስ? ከጎማ ሥር የተስፈነጠረ ጠጠርና በሁከት የተወረወረ ድንጋይ በውሉ ላይ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚገዛ ሽፋን ይፈልጋል። እኛ ወሎዎች ይህን ጥያቄ ብናልፈው አያምርብንም። መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ ውሉ ላይ ያለበትን ቦታ በጣታቸው ያሳዩአችሁ።

ጉዳቱ ሲደርስ ከመንገድ ወጣ ብላችሁ ቁሙና በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ አንዱ ከቅርብ፣ አንዱ ታርጋው እንዲታይ። ውሉ ጉዳት የሚነገርበትን ቀን ይወስናልና ዛሬ ነገ ሳትሉ አሳውቁ። ሊብሬና መንጃ ፈቃድ ያዙ፣ የጋራዥ ፕሮፎርማም ይጠይቋችኋል። የእነሱ ሰው ሳያየው መስታወቱን አታስቀይሩ።

ስንጥቁ ገና ነጥብ ከሆነ ግን ዕድል አላችሁ። የፊት መስታወት ሁለት ንጣፍ ሆኖ በመሃሉ ፕላስቲክ አለው፤ እንደ ጎኑ መስታወት አይፈርስም። ከአንድ ብር ሳንቲም የማትበልጥ ነጥብ በሙጫ መሰል ፈሳሽ ልትሞላ ትችላለች፤ ከመቀየር በጣም ይረክሳል። እስከዚያው ቆሻሻና ውሃ እንዳይገባባት ንጹሕ ፕላስተር ለጥፉባት። የደሴን ጠዋት በሙቅ ውሃ ወይም በኃይለኛ ማሞቂያ አትጋፈጡ፤ ቀስ እያለ ይሙቅ። አጎቴ ድሮ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ይነዱ ነበር። ከሚሌ በረሃ ሲመለሱ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሰው እንደማያውቁ ይነግሩኛል። ነገሩ ያው ነው። ስንጥቁ በሹፌሩ ዓይን ፊት ከሆነ ወይም ረዝሞ ከሄደ ግን ማስቀየር ነው።

የእኔን የገጠመው ኮምቦልቻ ያለ ባለሙያ "አብሽሪ፣ ዛሬ ይደርሳል" አለኝ። ደረሰም፤ ግን ሙጫው እስኪይዝ መኪናዋን አላንቀሳቅስም ብዬ በሚኒባስ ተመለስኩ። ለስንት ሰዓት መቆም እንዳለባት ጠይቁ። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ በር ስትዘጉ አንድ መስኮት ገርበብ አድርጉ፤ አለበለዚያ የታፈነው አየር አዲሱን መስታወት ወደ ውጭ ይገፋዋል።