የኩላሊት ጠጠርና የአጥንት መሳሳት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኩላሊት ጠጠር የያዘው ሰው ስለ ሕመሙ ማስታገሻ፣ ስለ ጠጠሩ መጠንና ስለሚወጣበት መንገድ ብዙ ይነገረዋል፤ ስለ አጥንቱ የሚጠይቀው ግን እምብዛም አይገኝም። ከ10 የኩላሊት ጠጠሮች 8 ያህሉ የሚሠሩት ከካልሲየም ሲሆን፣ በሰውነት ውስጥ ካለው ካልሲየም 99 በመቶው የተቀመጠው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። ጠጠር ከሚመላለስባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከመጠን ያለፈ ካልሲየም በሽንታቸው ያስወግዳሉ፤ ከእነዚህም ውስጥ ካልሲየም ያለበትን ምግብ ቢቀንሱ እንኳ የሽንታቸው ካልሲየም የማይወርድላቸው አሉ፤ እንዲህ በሚሆንበት ጊዜ ትርፉ የሚወጣው ከአጥንት ነው። የአጥንት ጥግግታቸው ከእኩዮቻቸው ዝቅ ብሎ መገኘቱና ለስብራት ይበልጥ መጋለጣቸውም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ካልሲየም ያለበትን ምግብ እርግፍ አድርጎ መተው ነው። «ጠጠሩ ካልሲየም ነው» የተባለ ሰው ወተትና የወተት ተዋጽኦን ቢሸሽ አይፈረድበትም፤ ለረጅም ዓመታት ሐኪሞችም ይህንኑ ይመክሩ ነበር። ነገር ግን በምግብ ውስጥ ያለው ካልሲየም አንጀት ውስጥ ኦክሳሌት ከተባለው ንጥረ ነገር ጋር ተጣብቆ በዓይነ ምድር ይወጣል። ካልሲየሙ ሲጠፋ የሚይዘው ያጣው ኦክሳሌት ወደ ደም ይገባና በኩላሊት በኩል ይወጣል፤ እዚያም በሽንት ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ሲገናኝ ጠጠር ይሆናል። በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ የጣሊያን ጥናት ጠጠር የሚመላለስባቸውንና በሽንታቸው ብዙ ካልሲየም የሚወጣባቸውን 120 ወንዶች ለሁለት ከፍሎ ለ5 ዓመታት ተከታትሏል። ግማሾቹ በቀን 400 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ብቻ እንዲያገኙ ሲደረግ፣ ሌሎቹ 1,200 ሚሊ ግራም ገደማ እያገኙ ጨውና የእንስሳት ፕሮቲን እንዲቀንሱ ተደረገ። ካልሲየም ከቀነሱት 60 ሰዎች 23ቱ ጠጠሩ ሲመለስባቸው፣ ከሌሎቹ 60 ግን የተመለሰባቸው 12 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ካልሲየምን የሸሸ ሰው ከጠጠሩ ሳያመልጥ አጥንቱንም ይጎዳል። ለአብዛኛው አዋቂ ሰው በቀን ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ ይህም በተቻለ መጠን ከምግብ ቢገኝና ለየገበታው ቢከፋፈል ይመረጣል።

ሁለተኛው ስህተት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አጥንቴ ሳስቷል ብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የካልሲየም እንክብል መጀመር። በአሜሪካ ከ36,000 በላይ ያረጡ ሴቶች በተሳተፉበት ሰፊ ጥናት በየቀኑ 1,000 ሚሊ ግራም ካልሲየም ከቫይታሚን ዲ ጋር ይወስዱ በነበሩት ላይ የኩላሊት ጠጠር በ17 በመቶ ጨምሮ ታይቷል። እንክብሉ የግድ ካስፈለገ ከምግብ ጋር እንጂ በባዶ ሆድ ወይም በመኝታ ሰዓት ባይወሰድ ይሻላል፤ ኦክሳሌቱን የሚይዘው ምግቡ አንጀት ውስጥ ባለበት ሰዓት ነውና።

ጨውን ንቆ ማለፍ ሌላው ስህተት ነው። ኩላሊት በጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም ባስወገደ ቁጥር ካልሲየምም አብሮ ይወጣል፤ 6 ግራም ያህል ጨው በአማካይ 40 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ይዞ ይሄዳል። በአንድ ቀን ሲታይ ኢምንት ቢመስልም፣ አንጀት ካልተካው በዓመት ከ14 ግራም በላይ ይሆናል፤ የአዋቂ ሰው አጽም በጠቅላላ የሚይዘው ካልሲየም ደግሞ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሥጋ ማብዛትም የሰውነትን አሲድ ስለሚጨምር አጥንት አሲዱን ለማርገብ ማዕድኑን እንዲለቅ ያደርጋል፣ ጠጠር እንዳይፈጠር የሚከላከለውን የሽንት ሲትሬትም ይቀንሳል።

ውሃ መጠጣት ብቻውን ይበቃል ብሎ ማሰብም ልክ አይደለም። በቀን ቢያንስ 2.5 ሊትር ሽንት እንዲወጣ አድርጎ መጠጣት ጠጠርን ለመከላከል እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ይሁን እንጂ ውሃ ካልሲየሙን ያቀጥነዋል እንጂ ከሰውነት የሚወጣውን መጠን አይቀንሰውም።

አምስተኛው ስህተት ጠጠሩን አስወጥቶ ምክንያቱን ሳይመረምሩ መተው ሲሆን፣ በዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። አንገት ላይ ከታይሮይድ ጀርባ ያሉት አራት ትናንሽ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ከመጠን በላይ ሆርሞን ሲያመነጩ ከአጥንት ካልሲየም እየሳቡ ወደ ደም ያስገባሉ፣ ጠጠርና የአጥንት መሳሳትም በአንድ ሰው ላይ አብረው ይከሰታሉ። የደም ካልሲየም ከፍ ብሎ የፓራታይሮይድ ሆርሞን «ኖርማል» ተብሎ የተጻፈበትን ውጤት ጤናማ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ካልሲየም ሲጨምር ሆርሞኑ መውረድ ነበረበትና። ይህ ችግር በጊዜ ከታወቀ ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይድናል።

የ24 ሰዓት የሽንት ምርመራ ሲታዘዝም አሰባሰቡ በቀላሉ ይበላሻል። ጠዋት ሲነሡ የመጀመሪያው ሽንት ይደፋና ሰዓቱ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ የሌሊቱም ጭምር፣ በዕቃው ይጠራቀማል፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት የሚሸናውም ይጨመርበታል። አንድ ጊዜ እንኳ ከተዘለለ ካልሲየሙ ከእውነተኛው መጠን አንሶ ሊታይ ይችላል። በዚያ ቀን አመጋገብን ማሳመርም ሐኪሙን ያሳስታል፤ እንደ ወትሮው መብላትና መጠጣት ያስፈልጋል።

የአጥንት መሳሳት ያረጡ ሴቶች ችግር ብቻ ነው የሚለው እምነት ደግሞ ወጣቶችንና ወንዶችን ከምርመራ ያርቃል። አጥንት ሲሳሳ አያምም፤ ብዙዎች የሚያውቁት ከተሰበሩ በኋላ ነው። ጠጠር የሚመላለስበት፣ በሽንቱ ብዙ ካልሲየም የሚወጣበት ወይም በቀላል አወዳደቅ የተሰበረ ሰው ዴክሳ የተባለው የአጥንት ጥግግት ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ሊጠይቅ ይገባል። ላረጡ ሴቶችና ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ወንዶች ጥግግቱን ከጤናማ ወጣት አጥንት ጋር የሚያነጻጽረው ቲ-ስኮር −2.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የአጥንት መሳሳት ይባላል፤ ከዚያ ዕድሜ በታች ያሉት ግን ከእኩዮቻቸው ጋር በሚያነጻጽረው ዜድ-ስኮር ሊታዩ ይገባል።

በመጨረሻም የሚወስዱትን መድኃኒት ለሐኪም አለመንገር ጉዳት አለው። ሁለቱም ሽንት የሚያሸኑ ቢሆኑም፣ ፉሮሴማይድ በሽንት የሚወጣውን ካልሲየም ሲጨምር ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን ይቀንሰዋል፤ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን ደግሞ አጥንትን ያሳሳል። ይህን በማንበብ ብቻ መድኃኒት ማቋረጥም ሆነ መቀየር አይገባም፤ የሚወስዱትን ሁሉ፣ ቫይታሚኑንም ጭምር፣ በወረቀት ጽፈው ለሐኪሙ ያሳዩ።