ፀጉር ቤት ገብታችሁ «አሳጥረው» ብቻ አትበሉ

ቱሉ ዲምቱም ሆነ አያት፣ የሰፈር ፀጉር ቤት ገብቶ «ትንሽ አሳጥርልኝ» ማለት አይበቃም፤ የእናንተ ትንሽና የአስተካካዩ ትንሽ አይገናኙም። ጎኑን፣ ኋላውንና አናቱን ለየብቻ ንገሩት። በብዙ ቶንዶሶች ላይ የሚገጠመው ማበጠሪያ ቁጥር 1 ከሆነ 3 ሚሊሜትር ያህል ፀጉር ያስቀራል፤ 2 ከሆነ 6፣ 3 ከሆነ ወደ 10። ችግሩ፣ አንዳንዱ ላይ የተጻፈው ራሱ ሚሊሜትሩ ነው። እዚያ «በ3 አድርገው» ካላችሁ 10 ስትጠብቁ 3 ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከማስነሳቱ በፊት የገጠመውን እዩ፤ ከተጠራጠራችሁ በትልቁ ይጀምር፣ ማሳጠሩ አያመልጥም።

ፌድ (ከታች በጣም አጥሮ ወደ ላይ ቀስ በቀስ እየረዘመ የሚሄድ ቁርጥ) ከፈለጋችሁ ከየት እንደሚጀምር በጣታችሁ አሳዩት፦ ከጆሮ ጫፍ ነው ወይስ ከቅንድብ ትይዩ? የምታሳዩት ፎቶ ላይ ያለው ሰው ፀጉሩ እንደ እናንተው ዓይነት ይሁን።

የግንባር መስመር ላይ ግን ጠንከር በሉ፦ «ወንድሜ፣ የራሱን መስመር ተከተል፣ ወደ ውስጥ እንዳትገባብኝ።» ወደ ውስጥ የተገፋ መስመር ማደግ ሲጀምር ግንባር ላይ ጥቁር ጥላ ሆኖ ለሳምንታት ይታያል።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ከመቀመጣችሁ በፊት ቶንዶሱ ቻርጅ እንዳለው ጠይቁ፤ መሃል ላይ ከደከመ ፀጉሩን መቁረጥ ትቶ መንጨት ይጀምራል።