አቤቱታው ምክር ቤት ይደርሳል፣ ሴትዮዋ መንገድ ላይ ትቀራለች፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ ራፖር ስጽፍ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ድሮ የምጽፈው ለፍርድ ቤት ነበር። አሁን አብዛኛው ሥራዬ ለምክር ቤት የሚሄድ አቤቱታ ነው። በብዛት የሚመጡልኝ ሴቶች ናቸው። ሸክላ ሠሪዎች፣ ብረት ከሚቀጠቅጥና ቆዳ ከሚያለፋ ቤት የወጡ፣ አንዳንዴ አርጎባዎች፣ አንዳንዴ ከዋግ የወረዱ። ቁጥራቸው ትንሽ ነው። በደላቸው ግን ድርብ ነው፤ አንዱ በሴትነታቸው፣ ሌላው በዘራቸው ወይም በእጅ ሥራቸው የሚመጣ።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት መጡ። ስማቸው ይቅርና እማማ ልበላቸው። ሸክላ ይሠራሉ። መንደሩ ምጣዱንም ጀበናውንም የሚገዛው ከእሳቸው ነው። ቦኖ ውሃ ላይ ግን ሰው ሁሉ ቀድቶ እስኪጨርስ ራቅ ብለው ይቆማሉ። የጎረቤት ልጅ የታመመ ቀን ደግሞ «በልታብን ነው» ብለው ቤታቸው ድረስ መጥተው ደበደቧቸው። ልጃቸው ከዚያን ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄደችም።

እማማ አቤት አሉ። አቤቱታው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሄደ። በየደረጃው እንደገና ተጻፈ። መጨረሻ ላይ የተላከውን ቅጂ አይቼዋለሁ። ርዕሱ «የእደ ጥበብ ባለሙያዎች የገበያ ትስስር ችግር» ይላል። ቦኖው የለም። ዱላው የለም። ልጅቷም የለችም።

እንዲህ የሚሆነው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም። እኛ አቤት ባዮቹም፣ ሊቆጣጠሩ የተቀመጡት የምክር ቤት አባላትም የምንደጋግማቸው ስህተቶች አሉ። ያየኋቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«እኛ ዘንድ አድልዎ የለም» ብሎ መጀመር

ወሎ ውስጥ ስብሰባ የሚከፈተው በዚህ ነው። እውነት አለው። እስላምና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት ይኖራል፣ ሠርግና ለቅሶ አይለያየውም። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፣ እኮራበታለሁ። ግን ይሄ ሁሉ ፍቅር ሸክላ ሠሪዋ ደጃፍ ሲደርስ ይቆማል። ልጅህን ከእሷ ቤት ትድራለህ ወይ ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ስሙት። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ አሁንም ሕያው ነው። ሰብሳቢው «በአካባቢያችን እንዲህ ያለ ችግር ባይኖርም» ብሎ ንግግሩን ከጀመረ፣ ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ አለ ይላል?

ቃሉን ማለስለስ

«ቡዳ» የሚለው ቃል ቢሮ ሲገባ «የተዛባ አመለካከት» ይሆናል። ድብደባው «አለመግባባት» ይሆናል። ጠለፋው «ያለ ዕድሜ የተመሠረተ ትዳር» ይባላል። ጸሐፊው ጨዋ መሆን ፈልጎ ነው፣ ይገባኛል። እኔም አድርጌዋለሁ፣ አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሚኒስትሩን ሊጠይቅ የሚችለው እፊቱ የተጻፈውን ይዞ ነው። «የተዛባ አመለካከት» ተብሎ ለቀረበለት «ግንዛቤ እየፈጠርን ነው» ብሎ መመለስ ይበቃል። «ቡዳ ናት ብለው ደበደቧት፣ ፖሊስ መዝገብ አልከፈተም» ተብሎ ሲቀርብ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። ስለዚህ የተባለውን ቃል እንደተባለ ጻፉት፣ በትእምርተ ጥቅስ። አጠገቡ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 25 አስቀምጡ። ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው የሚለው አንቀጽ፣ ጾታንና ብሔርን ብቻ ሳይሆን ትውልድንም ይጠቅሳል።

ሁሉንም «ሴቶች» ብሎ መጠቅለል

ሪፖርት ላይ «ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች» ይባልና አንድ ቁጥር ይቀመጣል። ከቁጥሩ ውስጥ ስንቷ ሸክላ ሠሪ ናት? ስንቷ አማርኛ አትችልም? ስንቷ አካል ጉዳተኛ ናት? መልስ የለም፣ የጠየቀም የለም።

ለይቶ መቁጠር ምን እንደሚያመጣ ከሩቅ አገር ምሳሌ ልስጥ። ካናዳ ውስጥ የነባር ሕዝቦች ሴቶች እየጠፉና እየተገደሉ ቤተሰቦቻቸው ለዓመታት ጮኸዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ፖሊሱ ራሱ መዝገቡን ለይቶ ቆጠረ። ከ1980 እስከ 2012 ድረስ 1,181 ሴቶች ተገድለዋል ወይም ጠፍተዋል። ከአገሪቱ ሴቶች መካከል 4 ከመቶ ገደማ ሆነው፣ ከተገደሉት ሴቶች ግን 16 ከመቶዎቹ እነሱ ነበሩ። በ2016 ብሔራዊ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ2019 «ይህ ይደረግ» የሚሉ 231 የፍትሕ ጥሪዎች አወጣ። በአንድ ድምር ውስጥ ተደብቀው ቢቀሩ ኖሮ ክርክሩ ዛሬም «ሴቶች ሁሉ ይጠቃሉ» የሚለው ላይ ነበር።

በአዳራሽ ሰብስቦ «ችግር አለ ወይ?» ማለት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ነውና።

አንድ የመስክ ምልከታ ላይ ነበርኩ። የምክር ቤት ኮሚቴ መጥቷል። አዳራሹ ጢም ብሏል። ፊተኛው ወንበር ላይ የቀበሌው ሰዎችና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ሸክላ ሠሪዎቹ ከኋላ ናቸው። አንዷ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች። ጭቃው ከጥፍር ሥር አይለቅም፣ እና እጅ ከታየ ማን እንደሆነች ይታወቃል። ሰብሳቢው «እናቶች፣ የሚያስቸግራችሁ ነገር አለ?» አሉ። ዝም። ደግመው ጠየቁ። ከኋላ አንዲት ድምፅ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» አለች። ተጻፈ።

ስብሰባው ተበተነ። ከኮሚቴው አንዷ፣ ወጣት ናት፣ ሴቶቹን ተከትላ ወጣች። የሚሠሩበት ድረስ ሄዳ ቁጢጥ ብላ ተቀመጠች። ስለ ችግር አልጠየቀችም። «እንዲህ ስብርባሪውን የምትወቅጡት ለምንድን ነው እትዬ?» አለች። «ገል ነዋ!» ተባለች። ገል ካልገባበት ሸክላው እሳት ላይ ይሰነጠቃል። ስለ አፈሩ አወሩ፣ ስለ ማገዶው አወሩ። ከአፈሩ ወደ አፈሩ ቦታ ሄዱ፤ ባለመሬቱ እንደሚከለክላቸው፣ አንዳንዱ ደግሞ በአፈሩ ምትክ ሌላ ነገር እንደሚጠይቅ። ያቺ ነጠላ ውስጥ እጇን ደብቃ የነበረችው ሴት ነች ይህን የተናገረችው። ስትናገር እጇ ሥራ ላይ ነበር፣ ጭቃውን እያለሰለሰ።

እና ምክሬ ይሄ ነው። አዳራሹን ተዉት። ሴቶቹ ያሉበት ሂዱ። የቀበሌ ሰው አያጅባችሁ። ጠያቂዋ ሴት ትሁን። የገበያ ቀን አትጥሩ፤ ባቲ ሰኞ ገበያ የምትወጣ ሴት ሰኞን ከነጠቃችኋት የሳምንቱን ቀለብ ነጠቃችኋት ማለት ነው። ከሩቅ ከጠራችኋት ደግሞ ትራንስፖርቱን ሸፍኑላት። ለኮሚቴው አበል ተይዞ ለእሷ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

በዘመድ ማስተርጎም

ከሚሴና ባቲ በኩል ኦሮምኛ አለ፣ ዋግ ኽምራ ኽምጥኛ አለ። ሴትዮዋ በቋንቋዋ ሦስት ደቂቃ ታለቅሳለች፣ አስተርጓሚው «መንገድ እንዲሠራላቸው ይጠይቃሉ» ይላል። አስተርጓሚው ማን ነው ስትሉ የባሏ ወንድም ሆኖ ይገኛል። ከሌላ ቀበሌ ሴት አስተርጓሚ አምጡ። በቃ።

በተሳሳተ በር መግባት

ይሄኛው የእኛ የአቤት ባዮች ስህተት ነው። ሰው «ፓርላማ ይፍረድልኝ» ይላል። ምክር ቤት አይፈርድም። ደብዳቢውን የሚያስረው ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት ነው። የምክር ቤቱ ሥራ ሌላ ነው፤ ፖሊሱ ለምን መዝገብ እንዳልከፈተ አስፈጻሚውን መጠየቅ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 የተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌሎች ባለሥልጣናትንም ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ሰጥቶታል። ስለዚህ ሁለት ወረቀት ያስፈልጋል። አንዱ ለፖሊስ፣ ስለ ወንጀሉ። ሌላው ለምክር ቤት፣ ስለ ዝምታው።

ደግሞ ሁሉም ነገር አዲስ አበባ አይሄድም። የወረዳና የክልል ምክር ቤት አለ። አማራ ክልል ውስጥ የኽምራ፣ የኦሮሞና የአዊ ብሔረሰቦች የየራሳቸው የብሔረሰብ ምክር ቤት አላቸው። አርጎባም ልዩ ወረዳ አለው። ሸክላ ሠሪዋ ግን በቋንቋ አማራ ናት፣ በብሔረሰብ ምክር ቤት በር አትገባም። የእሷ መገለል በሥራዋ ነው። ይህን ክፍተት የሚያነሳላት አባል በክልሉ ምክር ቤት ፈልጉ።

የሰብአዊ መብት ኮሚሽንን አትርሱ። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 210 የተቋቋመ ነው፣ ተጠሪነቱም ለተወካዮች ምክር ቤት ነው። አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፣ ክፍያ የለውም፣ ሌላ ሰውም ሊያመለክትላት ይችላል። መጻፍ ለማትችል ሴት ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ጊዜውንም እወቁ። የተወካዮች ምክር ቤት የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፣ የሚዘጋው ሰኔ 30። ሰኔ 25 ላይ የገባ አቤቱታ ክረምቱን መሳቢያ ውስጥ ያሳልፋል።

«በሽምግልና አልቋል» የሚለውን እንደ መልስ መቀበል

ሽምግልናን አልጠላም። ስንት ደም አድርቋል። ግን ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጠው ማን ነው? ሸክላ ሠሪ ሽማግሌ ሆኖ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። ሴት ስትቀመጥም እምብዛም። በደል የደረሰባት ሴት የተወከለችበት ቦታ ካልሆነ እርቁ የማን ነው?

ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ያገባት እንደሆነ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው የወንጀል ሕግ ይህ ቀርቷል። አንቀጽ 587 ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ ቢፈጸም እንኳ ተጠያቂነቱ አይቀርም ይላል። እና ኃላፊው «ቤተሰብ ታርቋል» ሲል ኮሚቴው ቀጥሎ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የመዝገቡ ቁጥር ስንት ነው?

ወንበርን እንደ መፍትሔ መቁጠር

ሕገ መንግሥቱ ከ550 ለማይበልጠው የተወካዮች ምክር ቤት ቢያንስ 20 ወንበር አናሳ ለሆኑ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ይጠብቃል። በ2007ቱ ምርጫ ከ547 ወንበሮች 212ቱን ሴቶች ይዘው ነበር። ይሄ ጥሩ ነው፣ መታገያ ነው። ግን ወንበሩ ላይ ያለችው ሴት ስለ ቦኖው ካልተነገራት አትጠይቅም። የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል።

ፊቷን ማሳየት

ቅን ሰዎች ናቸው ይህን የሚሠሩት። «ድምፅ እንሁናት» ብለው ስልክ ያወጣሉ፣ ይቀርጻሉ፣ ይለጥፋሉ። እሷ ማታ የምትመለሰው እዚያው መንደር ነው። ጦርነቱ ወሎ በደረሰበት በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የተደፈሩ ሴቶች አሉ፤ ፊታቸው ወይም የመንደራቸው ስም ስለወጣ ብቻ ዛሬም ወደ ቤታቸው መመለስ የሚከብዳቸው። የምስክርነት ቃል በዝግ ስብሰባ ሊሰማ ይችላል፣ ጠይቁ። ሪፖርት ላይ ስምና ቀበሌ አይግባ። ፈቃዷን ስትጠይቁም ምን ላይ እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚያየው አስረድታችሁ ይሁን። «እሺ» ያለችው እናንተን ላለማስቀየም ሊሆን ይችላል።

ሪፖርት ሲቀርብ አለቀ ማለት

ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ሮማ የሚባለውን አናሳ ሕዝብ ሴቶች ሐኪም ቤት ያለ ፈቃዳቸው ያመክኗቸው ነበር። ልጅ ለመውለድ የገባችው ምኗ እንደተቆረጠ ሳታውቅ ትወጣለች። በ2005 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ እንባ ጠባቂ አጣርቶ ሪፖርት አወጣ። በ2009 መንግሥት አዝናለሁ አለ። ፓርላማው የካሳ ሕግ ያወጣው በ2021 ነው፤ ለአንዷ 300,000 ኮሩና፣ በአገሩ ገንዘብ። ከሪፖርቱ እስከ ሕጉ 16 ዓመት። በእነዚያ ዓመታት ጉዳዩ እንዳይሞት ያደረጉት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው፣ ተደራጅተው በየጊዜው እየሄዱ። ካሳውን ሳያዩ የሞቱም አሉ።

ስለዚህ የኮሚቴ ምክረ ሐሳብ ስታዩ ሦስት ነገር ፈልጉ። የሚሠራው ማን ነው? እስከ መቼ? በየትኛው በጀት? «የሚመለከታቸው አካላት በትኩረት እንዲሠሩ» የሚል ከሆነ መልሱት። ሰብሳቢው ቀን እንዲቆርጡ ጠይቁ፣ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ሂዱ።

የእማማን አቤቱታ እንደገና ጻፍነው። አንድ ገጽ ተኩል ነው። «ቡዳ» የሚለው ቃል በሁለተኛው መስመር ላይ አለ። መጨረሻው ላይ ሦስት ጥያቄ አለ። ቦኖው ላይ ወረፋ የሚያስከብረው ማን ነው? የድብደባው መዝገብ ለምን አልተከፈተም? ልጅቷ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ስትመለስ የሚጠብቃት ማን ነው?

አነበብኩላቸው። «እንዲህ ነው ያልኩት» አሉ። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። አሻራው አልወጣም። ዕድሜ ልክ ጭቃና ገል ሲያሽ የኖረ ጣት መስመሩ ጠፍቷል። ቀለም ጨምሬ ደገምነው። በሦስተኛው፣ በግራ እጃቸው፣ ወጣ።